ስሙ የማይጠራው ሥር

ይህ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ሰው "እናትሽ በምን ሞተች?" ሲለኝ "በጡት ነቀርሳ" ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ሙሉ አይደለም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ያው ሙሉውን አለመናገሬ ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ነበር የምሠራው። ሥራዬ ማሽኑ እየሄደ የሚበጠሰውን ክር መቀጠል ነው። እናቴ መዲና ደሴ ሸዋ በር ብቻዋን ትኖራለች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና እንደሄደ ቀርቷል። እሷ ከእኔ በቀር የላትም፣ እኔም ከእሷ በቀር የለኝም። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ያንን ጠመዝማዛ ዳገት በመኪና እወጣለሁ፤ ኮምቦልቻ ላይ በላብ የጀመርኩትን ቀን ደሴ ላይ በጋቢ ተጠቅልዬ እጨርሰዋለሁ።

እናቴ ሰኞ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። ምላሷ ስለት ነው። ገዢ ጥቁር አዝሙዱን እያገላበጠ "ይህ ንጹሕ ነው?" ካላት "ካንተ ልብ ይነጻል" ትለዋለች። ጎረቤት ሕመሙን ደብቆ ሲገኝም ቀድማ የምትቆጣው እሷ ናት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!" እያለች እጇን ታወናጭፋለች። ይህችው ሴት ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ዓመት ሙሉ በነጠላዋ ሸፍና ኖረች።

ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቅዳሜ የአዝሙድ ጆንያ ከመደርደሪያ ልናወርድ ስንል ግራ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልሄድ አለ።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ብርድ ነው።"

"የምን ብርድ!" ብዬ ነጠላዋን ገለጥኩት። የጡቷ ቆዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከሥሩ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር አለ። ከድንጋጤዬ ብዛት ጮኽኩባት። "ዓመት ሙሉ! ወላሂ አንቺ ሴትዮ ጨካኝ ነሽ!"

"ጡት እኮ ነው ልጄ" አለችኝ አንገቷን ደፍታ። "ለማን አሳያለሁ?"

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን አዲስ አበባ ሄድን። ጡቷ ተቆረጠ። ብብቷ ሥር ግን ሌላ እብጠት ስላለ መርፌ ያስፈልጋታል ተባለ፤ ዛሬ ኬሞ የሚሉት ነው። ያኔ እንዲህ ያለው መድኃኒት እንደ ልብ አይገኝም። እግዜር ይስጣቸው፣ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ብልቃጦቹን ከደብዳቤ ጋር አሽገው ደሴ ላለ ሆስፒታል ላኩልን። በየሦስት ሳምንቱ እዚያ እንድትወጋ ሆነ።

ደሴ የነበረው ዶክተር ወጣት ነው። የወሎ ሰው አይደለም፤ ከወዲያ አገር ተመድቦ የመጣ ነው። ገና ስትገባ ብድግ ብሎ ይቀበላታል። ይመዝናታል፣ ደሟን ያስመረምራል፣ የዓይኗን ቆብ ገልጦ ያያል። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል። "እማማ፣ ከዚህ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የለም ልጄ። ከአላህ በታች ያለኝ ያንተ መርፌ ነው" ትለዋለች።

መጀመሪያ መጀመሪያ እውነቷን ነበር።

መርፌው ከባድ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ጸጉሯ ሻሿ ውስጥ ተራግፎ ቀረ። ዕድሜዋን ሙሉ ቅመም ውስጥ የኖረች ሴት የእርድና የኮረሪማ ሽታ አላስቀርብ አላት፤ ገበያውን ተወችው። ተኝታ ጣራ ጣራ ስታይ የአክስቷ ልጅ እቴ አሚናት መጣች። በወረኢሉ መንገድ ወጣ ብሎ፣ ደሴ ዙሪያ ገጠር ውስጥ፣ ጋሽ ይማም የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ እንዳሉ ነገረችን። የስንቱን እባጭ ያጠፉ ናቸው አለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል? ሄድን።

ጋሽ ይማም ሽበታም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። እናቴን ከፊታቸው አስቀምጠው ረጋ ብለው ጠየቋት።

"ሐኪም ቤት ሄደሻል?"

"ሄጄ ቆረጡኝ" አለች እናቴ።

"ከተቆረጥሽ ወዲህስ?"

"ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም።"

እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ዞር ብዬ አየኋት፤ በጎኗ ቆነጠጠችኝ። በኋላ ለምን እንደዋሸች ስጠይቃት፣ የመርፌ ነገር ካነሳሁ ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ አለች።

ሽማግሌው በጨርቅ የተጠቀለለ ሥር ሰጧት። ተቀጥቅጦ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ሰባት ጁምዓ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ስሙን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። እንዲህ ያለ ሥር ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፣ ለሰው ከተወራም ኃይሉ ይጠፋል። ይህን በእኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ስንመለስ መንገድ ላይ እናቴ ቆመች። "ወላሂ ለማንም አልናገርም በይ" አለችኝ።

"ለዶክተሩስ?"

"በተለይ ለዶክተሩ። ብትናገሪ ገደልሽኝ ማለት ነው።"

ወላሂ አልኩ። በጌታዬ ስም ማልኩ። እኔ ቀልድ አላበዛም፤ በመሐላ ደግሞ ጭራሽ አልቀልድም። ቤታችን "ከተናገሩት የወለዱት ይጥፋ" እየተባለ ነው ያደግኩት።

የመጀመሪያው ጁምዓ ጠጣችው። ሙሉ ቀን ስታስመልስና ስትመላለስ ዋለች፤ ዓይኗ ጎደጎደ። እኔ ስፈራ እሷ ትስቃለች። "ምን ያስፈራሻል? ነቀርሳው ነው እኮ የሚወጣው!" እቴ አሚናትም በየጊዜው መጥታ "እንዴት ነው፣ በደንብ አስወጣሽ?" ትላታለች። ብዙ ባስመለሰች ቁጥር ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። የመርፌዋ ቀን ሲደርስ ደግሞ ሆስፒታል እንሄድና ዶክተሩ ይወጋታል። እንዲህ እያልን በየጁምዓው ሥሩን፣ በየሦስት ሳምንቱ መርፌውን ስንል ቆየን።

መካከል ላይ ተአምር የመሰለ ነገር ሆነ። ብብቷ ውስጥ የነበረው የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ሽንብራ አከለ። ዶክተሩ በጣቱ ፈልጎ ፈልጎ ሲያገኘው ፊቱ በራ። "መርፌው ይዟል እማማ!" አላት።

እናቴ አንገቷን ነቅንቃ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ከበሩ እንደወጣን ግን ጆሮዬ ሥር "መርፌው ነው አለ፣ ሰማሽው?" ብላ ሳቀች። ለእሷ ሥሩ ነው። ለእኔ ማንኛውም ይሁን፣ እናቴ ትዳንልኝ እንጂ ግድ አልነበረኝም።

አምስተኛው ጁምዓ ካለፈ በኋላ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። እቴ አሚናት "የወፍ በሽታ ነው፣ ያልፋል" አለች። ሽንቷ የሻይ መልክ ያዘ። ልብሷ ሰፋት። ሆስፒታል ስንሄድ ዶክተሩ ዓይኗን እንዳየ ደሟን አስመርምሮ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። እሷን አልጋ ላይ ትቶ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

"እህቴ፣ ጉበቷ ተጎድቷል" አለኝ። "የመርፌው ጣጣ ይመስለኛል። ግን በዚህ መጠን እንዲህ ሲሆን አላየሁም። እሷ ትፈራኝ ይሆናል፤ አንቺ ንገሪኝ። ሌላ የምትወስደው ነገር አለ? ሥር? ቅጠል?"

ያቺን ደቂቃ አልረሳትም። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"የለም ዶክተር" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"የለም።"

ወላሂ ግን አላልኩም። እዚያ ላይ ተጠንቅቄያለሁ፤ በሐሰት እንዳልምል። ሞኝ! በእኛ አገር ሰው ጨው ሲዋዋስ እንኳ ወላሂ ይላል። ዶክተሩ የወሎ ሰው ቢሆን ኖሮ ዓይን ዓይኔን አይቶ "እስቲ ወላሂ በይ" ይለኝ ነበር፤ ያኔ አፌ ተሳስሮ ሁሉም ይታወቅ ነበር። እሱ ግን ያላልኩትን ቃል አልሰማም። ራሱን ነቅንቆ "እንግዲያው መርፌውን ማቆም አለብኝ። ጉበቷ ይህን አይችልም" አለ።

እናቴ መርፌው መቆሙን ስትሰማ አልጋው ላይ ቀና አለች። ቤት ስንገባ "ይኸው! ሥሩ አሸነፈ!" አለችኝ። ስድስተኛውን ጁምዓ ጠጣች። ሰባተኛውንም ጠጣች። ሰባቱ አልቆ ዓይኗ አልነጣም፤ እቴ አሚናት ሄዳ ለሌላ ሰባት የሚሆን አመጣችላት።

ሽንብራው ተመልሶ እንቁላል ሆነ። ከዚያ እንቁላሉ ሁለት ሆነ።

አንድ ቀን ፋብሪካ ውስጥ ክር እየተበጠሰ እኔ ዝም ብዬ ቆሜ እያየሁት ነበር። አጠገቤ የምትሠራ ልጅ "አንቺ፣ ምን ነካሽ? ቀጥዪው እንጂ!" ብላ ጮኸችብኝ። ያኔ ነው ነገሩ ወለል ብሎ የታየኝ። ዶክተሩ ሥሩን አያውቅም። ጋሽ ይማም መርፌውን አያውቁም። እናቴ ለአንዱ ያንዱን ደብቃለች። በዚህ ዓለም ላይ ሁለቱንም ከእናቴና ከእቴ አሚናት ሌላ የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ምያለሁ።

ፈረቃዬን ሳልጨርስ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ጋሽ ይማም ዘንድ ነው። መሐላዬን ማፍረስ ስለፈራሁ የሥሩ ባለቤት ፈቅደው እንዲያላቅቁኝ ነበር ሐሳቤ። ሽማግሌውን ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ጋሽ ይማም፣ አንቱን ዋሽተናል" አልኳቸው። "እናቴ የነቀርሳ መርፌ እየተወጋች ነበር።"

"መቼ?"

"አንቱ የሰጧትን እየጠጣች። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል።"

በእጃቸው የግድግዳውን እንጨት ያዙ። "ያ ረቢ!" አሉ። "እኔ ለሚወጋ ሰው አልሰጥም! አባቴም አይሰጥም ነበር! ስጠይቃት አንቺስ አጠገቧ አልነበርሽም?"

ነበርኩ። መሬት መሬት አየሁ።

ወደ ውስጥ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ከነቅጠሉ አንድ ሥር ይዘዋል፤ ገና አፈሩ አልተራገፈም። ለአርባ ዓመት ከነቅጠሉ ለሰው አሳይተው አያውቁም። እጄ ላይ አኖሩና ስሙን ነገሩኝ። "ለሐኪሙ ውሰጂለት። ስሙንም ንገሪው። ቢረክስ ይርከስ" አሉኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። መርከሱን ፈርቼ አይደለም፤ አንዷ አንብባ ሄዳ እንዳትቆፍረው ነው።

ዶክተሩ ሥሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እያገላበጠ አየው። እኔ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ስድቡ በተሻለኝ።

"ስንት ጊዜ ጠጣች?" አለኝ።

"አሥር ጁምዓ።"

"ኮሪደሩ ላይ ስጠይቅሽ ስንት ጠጥታ ነበር?"

"አምስት።"

በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። "ጉበቷን የጎዳው ይህ ሥር ይሁን መርፌው፣ ወይስ ሁለቱ ተደርበው፣ አሁን አላውቅም" አለ። "ብትነግሪኝ ኖሮ ግን በመጀመሪያ የማስቆማት ሥሩን ነበር። መርፌውን አቆምኩ። የያዘላትን ነገር አቆምኩ።"

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገረኝ። "ቅጠል የምንቅ መስሏችሁ ነው አይደል የደበቃችሁኝ? እናትሽን ከምወጋት ውስጥ አንዱ ራሱ ከአበባ ቅጠል የወጣ ነው። ኮምቦልቻ በየደጃፉ የምትተከል፣ ሐምራዊ የምታብብ ትንሽ አበባ አታውቂም? የእሷ ዘር ነው። ልዩነቱ መጠኑ ተለክቶ መታወቁ ነው። ስንት እንደምሰጣት አውቃለሁ፤ ሌላ ምን እንደገባባት ካላወቅኩ ግን ልኬቴ ምን ያደርጋል?"

አበባዋን አውቃታለሁ። የተከራየሁበት ግቢ በር ላይ አለች። ዘወትር ወደ ሥራ ስወጣ ቀሚሴ ይነካት ነበር።

"አሁን መልሰህ ውጋልኝ" ብዬ ለመንኩት። በድንጋጤ አንተ ማለቴንም አላወቅኩትም።

የቀሩት ብልቃጦች የሉም። መርፌው ለእናቴ ካልሆነ ብሎ ከወልድያ ለመጣች ለሌላ እናት ጀምሮላታል። ከእሷ ሊነጥቅ አይችልም። አዲስ አበባ ደብዳቤ ጻፈ። ያቺን የወልድያ ሴት አላየኋትም። ድና ይሆናል እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሳስባት ደስ ይለኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እቀናባታለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ያን ዕለት ማምሻውን ነው። ሥሩን የያዘውን ጣሳ ወስጄ ደፋሁት። "ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ እማ" አልኳት።

አልጮኸችም። ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ? ቢጫ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። "ገደልሽኝ" አለች፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሥሩን ካቆመች በኋላ ዓይኗ ቀስ በቀስ ነጣ። መርፌው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ግን ሁለት ወር ፈጀ። መጣ። አንድ ጊዜ ተወጋች። በሽታው ያኔ ሳንባዋ ገብቶ ነበር፤ ትራስ ደርድረን ተቀምጣ ነው የምታድረው። ስትተነፍስ ድምፁ ከበር ይሰማል።

ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት እጄን ያዘችኝ። "አውፍ ብዬሻለሁ" አለችኝ፣ ይቅር ብዬሻለሁ ማለቷ ነው። "ለእኔ ብለሽ ነው የተናገርሽው፤ አውቃለሁ። ዝም ብትዪ ኖሮ ግን እድን ነበር።"

እንዲህ ብላ አመነች፣ እንዲህ እንዳመነች ሞተች። እሷን የገደላት መናገሬ እንደሆነ። እኔ ደግሞ የገደላት ዝም ማለቴ እንደሆነ እያወቅኩ እጇን ይዤ "እሺ እማ" አልኳት። ምን ልበላት? በዚያች ሰዓት ልከራከራት?

ከተቀበረች በኋላ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። በአላህ ስም የማልኩትን አፍርሻለሁ። የእናቴም ሞት የዚያ ቅጣት ቢሆንስ? እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ የሰፈራችን መስጊድ ሼህ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮሪደሩን፣ ወላሂ አለማለቴን፣ ሁሉንም።

ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። "ልጄ፣ ለመጥፎ የተማለ መሐላ አይጠበቅም" አሉኝ። "ከመሐላሽ የሚሻል ነገር ካየሽ የሚሻለውን ትሠሪያለሽ፣ ለመሐላው ካፋራ ታወጫለሽ። ይኸው ነው።"

"ካፋራው ምንድን ነው?"

"አሥር ሚስኪን ማብላት። አቅም ከሌለሽ ሦስት ቀን መጾም።"

"ሦስት ቀን?"

"ሦስት ቀን።"

ዛሬ ሰፈሬ ውስጥ የታመመች ሴት ካለች ሳልጠራ እሄዳለሁ። ለሐኪሙ ምን እንደምትጠጣ ነግራ እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ ካልነገረች ራሴ ይዣት እሄዳለሁ። "ነገረኛ አሮጊት" ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ጅብ ከሄደ የጮኸች ውሻ መሆኔን ከእነሱ በላይ አውቃለሁ። ጋሽ ይማም ከዚያ በኋላ ለማንም ሰው ሥር ሳይሰጡ እንደሞቱ ሰምቻለሁ።

ካፋራውን ያኔውኑ አወጣሁ፤ አሥር ሰው የማበላበት አልነበረኝም። ሦስቱንም ቀን ፈረቃ ገብቼ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ክር እየቀጠልኩ ነው የጾምኩት። አልራበኝም፣ አልጠማኝም፣ ምንም አልከበደኝም። አለመክበዱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።